ጥፍር ላይ የሚቆም ካራ

ዓምና በአረፋ ዕለት የአባዬ ካራ በበጉ አንገት ላይ ተንሸራተተ። ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግራችሁ እኔው ቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ይጁቤ ትንሽ ከተማ ናት፤ የእኛ የሙስሊሞቹ ሰፈር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጠዋት አንዱ ቤት የተባለው ነገር ቀን ላይ ተጨማምሮበት ሌላው ቤት ይደርሳል።

አባቴ አብዱልቃኒ ነጋዴ ናቸው። ጨው፣ ሳሙና፣ ክርና ደብተር የምንሸጥበት ሱቅ አለን፤ እኔም የምውለው እዚያው ነው። በአረፋ ግን አባዬ ነጋዴነታቸው ይቀርና አራጅ ይሆናሉ። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የሰፈሩ በግ ሁሉ የሚታረደው በእሳቸው እጅ ነበር። ቢስሚላህ ብለው አንድ ጊዜ ሳብ ያደርጉታል፣ በቃ። እንስሳ እንዳይሰቃይ ካራ ስል መሆን አለበት፤ ካራ ሲሳልም እንስሳው ማየት የለበትም። አባዬ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

ዓምና ታዲያ ያ ካራ አልገባም። አባዬ ደገሙት፣ እንደገና ሳቡት። በጉ ያሰማው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አባዬ እንደምንም ጨረሱና የቀሩትን በጎች ሌላ ሰው እንዲያርድ ለምነው ወደ ቤት ገቡ። ካራውን አጠቡ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ምስማር ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲህ በፊታቸው ስለ ካራ ያወራ ሰው የለም። ከኋላቸው ግን ሲወራ ከረመ። እጃቸው ደከመ ተባለ። አረጁ ተባለ።

እኔ አልተቀበልኩትም። ጥፋቱ የካራው ነው አልኩ፣ ካራውን ያበላሸውንም አውቀዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሙጃሂድ ደብረ ማርቆስ ባጃጅ ይነዳል። ዓምና ከአረፋው ትንሽ ቀደም ብሎ ካራውን ወስዶ አንድ ብረት ሠሪ ዘንድ በሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ድንጋይ አስሎ መለሰው። እሳት እየረጨ የሚስለውን ታውቁታላችሁ። ሲመለስ ያብረቀርቅ ነበር፤ ጫፉ አካባቢ ግን ስለቱ ሰማያዊ ሆኗል። ብረት እንዲያ ከሆነ ግሎ ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው። በዚያ የበዓል ቀን ሙጃሂድን ሰው ፊት ነው የጮኽኩበት። አንገቱን ደፍቶ "አጠፋሁ" አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አላወጣሁለትም፤ እኔ ደግሞ ስናደድ በዋዛ የሚበርድልኝ ሰው አይደለሁም።

ዘንድሮ አረፋ ሲቃረብ ሐጂ ሙራድ ሱቃችን መጡ። የመስጊዳችን ሽማግሌ ናቸው፤ ክፉ ነገር እንኳ ሲናገሩ በትሕትና ስለሚናገሩት ለመቆጣት አይመችም። ከጤናና ከዝናብ ወሬ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አብዱልቃኒ፣ ዘንድሮ ትንሽ ዕረፍት ያድርግ ብለን ተነጋግረናል። ከማርቆስ አንድ የሚያርድ ልጅ እናስመጣለን።"

አባዬ ጨው እየመዘኑ ነበር። ቀና ሳይሉ "መልካም" አሉ።

ያቺ "መልካም" አንጀቴን በላችው። አባቴ በአንድ ፌስታል ጨው ከደንበኛ ጋር ግማሽ ቀን የሚከራከሩ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የያዙትን ነገር ግን ያለ ክርክር ለቀቁት።

"ሐጂ፣ ካራው እንደ ድሮው ቢቆርጥስ?" አልኩ።

"እንደ ድሮው?"

"እንደ ድሮው። ስል ቢሆንስ?"

ሐጂ ሙራድ አባዬን አዩ፣ ከዚያ የገዛ አውራ ጣታቸውን ጥፍር አዩ። አባዬ ለሰፈሩ ወጣት ሁሉ ያስተማሩት ፈተና አለ፦ ካራውን ሳይጫኑ፣ ዘንበል አድርጎ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ማስቀመጥ ነው። የዶለዶመ ከሆነ ሸርተት ይላል። ስል ከሆነ ባለበት ይቆማል።

"ከሶላት በፊት አምጪልኝ" አሉ ሐጂ። "በእኔ ጥፍር ላይ ከቆመ አባትሽ ያርዳል፤ ካልቆመ የማርቆሱ ልጅ። ይኸው ነው።"

አባዬ ያኔ ቀና አሉ። "ማን ሊስለው ነው?"

"እኔ ነኛ!"

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እውነት ለመናገር ዝም ባልኩ ይሻለኝ ነበር። በሕይወቴ ቢላ ስዬ አላውቅም፤ ቢበዛ ሽንኩርት አልቆርጥ ሲል በሲኒ ቂጥ ፈተግ ፈተግ አድርጌ ይሆናል። አንዴ ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ልመልሰው አልፈለግሁም።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ማርቆስ ወረድኩ። ገበያው ዳር ፈንታ የሚባል የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ አለ፤ ምስማርም፣ ቀለምም፣ የበር ቁልፍም የምናመጣው ከእሱ ነው። ወሬኛ ነው፣ ግን ሰው አያታልልም። "ለጀማሪ የሚሆን መሳያ ስጠኝ" አልኩት። የሱቁን መሣሪያ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ገና ሳየው "እሱን ከፊቴ አንሳልኝ" አልኩት፤ ለምን እንደተቆጣሁ አልገባውም። ቀጥሎ ቢላውን በብሎን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ፣ በዘንግ የታሰረ ድንጋይ የሚመላለስበት ነገር አወጣ። ስልኩ ላይ ቪዲዮም አሳየኝ። ጥሩ ይመስላል፤ የአባዬ ካራ ግን ክንድ ያህላል፣ መያዣው ደግሞ የፍራፍሬ ቢላ መያዣ ነው። በመጨረሻ መሐሉ ቀዳዳ ያለው፣ ቢላውን ወደ ራስ ብቻ መጎተት የሚበቃው ፕላስቲክ ሰጠኝ።

"ይኼ ለጀማሪ ነው" አለ። "ሕፃንም ይስልበታል።"

ቀላል ነገር ሲያጋጥመኝ ደስ አለኝ፤ ይዤ ሮጥኩ።

ደግነቱ ካራው ላይ አልጀመርኩም። የእናቴን የጠይባን የወጥ ቤት ቢላ አንስቼ ጎተት ጎተት አደረግሁት። የመጀመሪያዋን ቲማቲም እንደ ቅቤ ቆረጠ። እማዬ መረቀችኝ። በማግስቱ ያው ቢላ ቲማቲሙን ይጨፈልቀው ጀመር። ስለቱን በጣቴ ሳየው እንደ መጋዝ ተበጣጥሷል። ለሽንኩርት ይሄ ምንም አይደለም። ለበግ አንገት ግን መጋዝ አልፈልግም፤ መጋዝ ምን እንደሚያደርግ ዓምና ሰምቼዋለሁ። ፕላስቲኩን ለጎረቤት ሰጥቼ ወደ ፈንታ ተመለስኩ።

"እንግዲህ የሚቀረው ድንጋይ ነው" አለኝ። "ድንጋይ ግን ልምድ ይፈልጋል፣ ትችዪዋለሽ?"

"ድንጋዩን አምጣው አንተ።"

ሁለት ፊት ያለው ድንጋይ አወጣ፤ አንዱ ፊቱ ሻካራ፣ ሌላው ልዝብ። ለደንበኛ ማሳያ የሚጠቀምበት ስለሆነ ተሟሽቷል፣ አዲሱ ያስቸግርሻል አለኝ። ቢላ አውጥቶ ሲስልበት ድምፁ ራሱ ደስ ይላል። አሳምኖኝ ያንን ይዤ መጣሁ።

ቤት ስደርስ አባዬ በር ላይ ነበሩ። ድንጋዩን ተቀብለው አገላበጡት፤ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

"ምንድን ነው የተቀባው?"

"አላውቅም… ዘይት ይሆናል።"

"ሞራ ነው። የማን ሞራ ነው?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፈንታ ድንጋዩን የሚያለዝበው በሞራ ነው፣ ሞራውን የሚያመጣው ደግሞ ከጎረቤቱ ከሥጋ ቤቱ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ቤት ነው። በእኛ አገር ጎረቤት ከጎረቤት በሐዘኑም በሠርጉም አይለያይም፤ የሥጋው ቢላና ድስት ግን ለየብቻ ነው። እሱን ፈንታም ያውቃል፣ እኔም ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሰርግ ቤት ሄደን እንኳ ለእኛ ለብቻ ይታረዳል። ድንጋይ ግን ሥጋ ይነካል ብሎ ማን ያስባል! የአረፋን ካራ በዚያ ላይ ሳላመላልሰው አባዬ ደረሱልኝ።

"ለቤቱ ቢላም አይሆንም" አሉ አባዬ፣ ሳይቆጡ። "ልጄ፣ ተይው። ደከምሽ።"

"ገና አልጀመርኩም" አልኳቸው።

ፈንታ ጋ ደወልኩና ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ይቅርታ አበዛ። "ከካርቶኑ ያልወጣ አለ፤ ነገውኑ በሰው እልከዋለሁ" አለ። የላከው ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሙጃሂድ። ሱቁ በር ላይ ቆሞ ካርቶኑን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

"አልተከፈተም" አለ። "እኔው ራሴ አይቼ ነው የተቀበልኩት። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ነው አሉ የሚሠራው፤ ዘይትም ሞራም አያስፈልገው።" ትንሽ ቆመ። "ላግዝሽ?"

"ዓምና ያገዝከው ይበቃል።"

እናቴን ስሞ፣ አባዬን ሰላም ብሎ ወደ ማርቆስ ተመለሰ። አባዬ ሲሄድ ከኋላው ብዙ አዩት፤ ምን እንደሚያዩ ያኔ አልጠየቅሁም።

ድንጋዩን አገኘሁ ማለት መሳል ቻልኩ ማለት አይደለም። ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ በውሃ እያራስኩ የእማዬን ቢላዎች ወደፊትና ወደኋላ አመላልሳለሁ። ክንዴ ይዝላል፣ ቢላው ያው ነው። አንድ ቀን ይባስ ብሎ ከነበረውም ዶለዶመ። ብሽቅ ብዬ ቢላውን መሬት ላይ ወረወርኩት። የወደቀው መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ እግር ሥር ነበር።

መሪጌታ የዲማ ሰው ናቸው፤ ብራና ፍቀው የሚጽፉ። ለመጽሐፍ መስፊያ የሚሆን ጠንካራ ክር ከእኛ ሱቅ ነው የሚወስዱት፤ ለእሳቸው ብዬ ነው አንዱን ክር የማስመጣው። ጎንበስ ብለው ቢላውን አነሱና በመያዣው በኩል መለሱልኝ።

"ምን አደረገሽ ይኼ ቢላ?"

ነገርኳቸው። የበጉን ነገር፣ የሐጂን ጥፍር፣ የአባዬን "መልካም" ሁሉ ዘረገፍኩት። ልባቸው ለአባዬ እንዳዘነ ፊታቸው ላይ አየሁ። ቆይተው ከመቀነታቸው ውስጥ ብዕር የሚቀርጹባትን ጣት የምታህል ቢላ አወጡ። አንዲት የፀጉራቸውን ዘለላ ይዘው ነካ አደረጓት፤ ተቆረጠች።

"የአባትሽን ካራ እኔ አልነካውም" አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። "የእኔንም ድንጋይ አላውስሽም፤ ለአንቺም ለእኔም ደግ አይሆንም። ዓይኔን ግን ላውስሽ እችላለሁ። እስቲ ሳዪ።"

ሳልኩ። ጥቂት አይተው አስቆሙኝ።

"ማርከር ትሸጫለሽ?"

"አለ።"

"የስለቱን ጠርዝ በምትስዪው በኩል ጥቁር አድርገሽ ቀቢው።"

ቀባሁት። "አሁን ትንሽ ሳዪና አሳዪኝ" አሉ። ሳየው ከጠርዙ ራቅ ያለው ቀለም ተፍቆ ሄዷል፤ ጫፉ ላይ ያለው ግን ጥቁር እንደሆነ ነው። ስፍቅ የዋልኩት የቢላውን ጉንጭ ነበር! ስለቱን ድንጋዩ ነክቶትም አያውቅ። መሪጌታ በደንብ ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ፣ በንዴት ቢሆንም።

"ጀርባውን ትንሽ አንሺ። ለካራው ስፋት የክብሪት ቀፎ አስተኝተሽ ከጀርባው ሥር አድርጊና ከፍታውን ዓይንሽና እጅሽ ይያዙት፤ ከዚያ ቀፎውን አውጪው። ቀለሙ እስከ ጫፉ እኩል ከተፋቀ ልክ ነሽ። ጫፉ ብቻ ከተፋቀ አብዝተሽ አንስተሻል። ቀለም አይዋሽሽም።"

"ገልብጬ ሌላውን ጎን የምስለውስ መቼ ነው?"

"ከወዲያኛው ጎን ጣትሽን ከጀርባው ወደ ስለቱ አሳልፊ፤ የምትሸክር ቀጭን ነገር ከተሰማችሽ ያኔ ነው። ሳትሰማሽ አትገልብጪ። ጀማሪን የሚያጠፋው መቸኮል ነው፤ ጉልበት ሲጨምሩበት የሚፈጥን ይመስላቸዋል።" ክራቸውን ያዙና ተነሱ። "አንቺ ደግሞ ችኩል ነሽ።"

እውነታቸውን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ችኮላዬን አሠርኩት። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ እስላለሁ፤ እቀባለሁ፣ እፍቃለሁ፣ አያለሁ። መጀመሪያ የእማዬ ቢላዎች ተሳሉ፣ ከዚያ የጎረቤቶቻችን። ጣቶቼ በፕላስተር ተሸፈኑ። እማዬ "ይቺ ልጅ አንድ ቀን እጇን ጥላ ትመጣለች" እያለች ታጉረመርማለች፤ ያም ሆኖ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላ ታማርጥ ጀመር። አንዲት ጎረቤታችን ቢላዋን ወስዳ በደቂቃው እየሮጠች ተመለሰች፤ ቆርጧት መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ የእህቷን ቢላ ጨምራ ይዛ መጥታለች።

የመጨረሻው የቤት ቢላ ጥፍሬ ላይ ሲቆም ካራውን ከምስማሩ አወረድኩ። ሰማያዊው ቦታ እንዳለ ነበር። መሪጌታ ሌላ ጊዜ ሲመጡ ከሩቅ አሳየኋቸው፤ የለሰለሰው ብረት ሳያልቅ ደህናው አይገኝም አሉኝ። ስለዚህ በሻካራው ፊት ሰማያዊው እስኪጠፋ ድረስ ፋቅሁት። ብዙ ቀን ፈጀ። ካራው ትንሽ ጠበበ፣ ጫፉም ቅርፁን ቀየረ። ሰማያዊው በጠፋ ቀን ግን ብቻዬን ጮኽኩ፤ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ልዝቡ ፊት ላይ የሚቀረው ማለስለስ ብቻ ሲሆን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ማሳረጊያውን አባዬ ያድርጉት አልኩ። ካራቸው ነው፤ ከእጃቸው ወጥቶ መሳሉ ቅር ሳያሰኛቸው አይቀርም ብዬ ነው። ወደ ጓሮ ወስጄ አስቀመጥኳቸውና ድንጋዩን በፊታቸው፣ ካራውን በእጃቸው አደረግሁ።

"አይ፣ አንቺው ጨርሺው" አሉ።

"አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ አባዬ። ይባርኩት።"

ካራውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉት። ተክ ተክ ተክ ተክ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብረቱ ድንጋዩን በፍጥነት ይመታል። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እጃቸውን አየሁ። ይንቀጠቀጣል።

አባዬ ካራውን ቀስ ብለው አስቀመጡና እጃቸውን ከጋቢው ሥር ደበቁት።

"መቼ ጀመረዎት?" አልኩ።

"ካቻምና።" ወደ ጓሮው አጥር እያዩ ነበር የሚያወሩት። "ድንጋይ ላይ መሳል ሲያቅተኝ ዓምና ሙጃሂድን ጠራሁት። ማርቆስ ወስደህ በሞተር አስልልኝ፣ ለማንም እንዳትናገር አልኩት። እኔ ነኝ የላክሁት። 'አባዬ፣ ሞተር ካራ ያበላሻል' ብሎኛል። እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት።"

"እኔ ሰው ፊት ስጮኽበት እኮ እርስዎ ቆመው ነበር!"

"ቆሜ ነበር። እጄን ከሚያዩ ካራውን ይዩ ብዬ ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለልኝ።"

በአባቴ ላይ ተናድጄ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ተናደድኩ። ተነስቼ ጓሮውን ዞርኩት። ልጃቸውን ዓመት ሙሉ አስኮንነውኛል፤ እኔም በደስታ ኮንኜዋለሁ። ስመለስ አባዬ እዚያው ናቸው፣ እጃቸውም ከጋቢው ሥር ነው። እንዲያ ሆነው ሳያቸው ንዴቴ በረደ፤ አለቀስኩ።

"አየሽ፣ ካራው ብቻ አይደለም" አሉ። "መልሰሽ ስቀዪው።"

እንባዬን ጠረግሁ። የለም፣ እዚህ ደርሼ አልሰቅለውም።

"አባዬ፣ ሲኒ ሲይዙ እጅዎ ይንቀጠቀጣል?"

"በጣም።"

"ትናንት ግን የጨው ከረጢት ብድግ አድርገው ሚዛን ላይ ሲጥሉ አይቻለሁ። እጅዎ ቀጥ ያለ ነበር። ቀስ ያለ ሥራ ላይ ነው የሚያስቸግርዎ። ለመሳል ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ እሱ ከአሁን ወዲያ የእኔ ነው። ለማረድ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ሳብ ማድረግ ነው፤ ስል ካራ ጉልበት አይጠይቅም። ይህን ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

አባዬ እሺም፣ እምቢም አላሉ። እኔ ግን ድንጋዩን በውሃ አራስኩና በፊታቸው ማለስለሱን ጨረስኩ። በመጨረሻ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ አሻሸሁት። ሙሉውን ጊዜ ዓይናቸው ከእጄ አልተነቀለም፤ አንድ ቦታ ላይ "ጀርባውን ዝቅ" አሉኝ፣ ዝቅ አደረግሁ።

የዚያኑ ዕለት ሙጃሂድ ጋ ደወልኩ።

"ሳጂዳ? ማን ታመመ?" አለ። ደውዬለት ስለማላውቅ አይፈረድበትም።

"ማንም አልታመመም። ለአረፋ በጉን የምትይዘው አንተ ነህ።"

የባጃጁ ሞተር ይሰማኛል። "ነገሩሽ?"

"ነገሩኝ። ደደብ ነህ! ዓመት ሙሉ ዝም ትላለህ?"

"አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?"

ስልኩን ዘጋሁና ቆይቼ መልሼ ደወልኩ፤ ይቅርታ ማለት ስለከበደኝ ምን በልቶ እንደዋለ ጠየቅሁት። ሳቀ። ገብቶታል።

የአረፋ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ ግን አልዘነበም። ወደ ሶላት ከመሄዳቸው በፊት ሐጂ ሙራድ በራችን ላይ ቆሙ። ካራውን በነጭ ጨርቁ አቀረብኩላቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አውራ ጣታቸውን ቀሰሩ፤ ካራውን በጥፍራቸው ላይ አስተኙት። እጃቸውን አዘነበሉ፤ ካራው አልተንቀሳቀሰም። ወደ ጫፉ ወሰዱት፣ ሰማያዊ ወደነበረው። እዚያም ቆመ።

"ማሻ አላህ" አሉ፣ ጥፍራቸው ላይ የቀረችውን ጭረት እያዩ። ለማንኛውም የመጣውን የማርቆሱን ልጅ ዞር ብለው በዓይናቸው ፈለጉት፤ እሱም ቀረብ ብሎ ሞክሮ አንገቱን ነቀነቀ። "ከእኔ ካራ ይሻላል" አለ፤ ጨዋ ልጅ ነው።

ከሶላት መልስ ግቢያችን ሰው ሞላ። ሙጃሂድ የእኛን በግ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዙሮ አስተኛ፣ ራሱን ያዘ። እኔ ከእናቴ ጋር ከግድግዳው ጥግ ቆምኩ። አባዬ ካራውን ከኋላቸው ደብቀው መጡ፤ በጉ እንዳያይ ነው። ከጋቢያቸው ጫፍ ስር የጣታቸውን መንቀጥቀጥ አየሁት። ሌላም ሰው አይቶ ይሆናል። እማዬ ክንዴን ጨበጠችው።

አባዬ ጎንበስ አሉ። "ቢስሚላሂ አላሁ አክበር።"

አንድ ጊዜ ሳቡት። በጉ ድምፅ አላሰማም። እጃቸው ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ተመለሰ፤ እኔ ጆሮዬ ዓምና የሰማውን ጩኸት እየጠበቀ ቀረ። ጩኸቱ አልመጣም። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ በአንዴ ተነፈሰ። ሐጂ ሙራድ በእጃቸው ፊታቸውን አበሱ።

ጎረቤቶቻችን ወዲያው በጎቻቸውን መሳብ ጀመሩ፤ እንደ ድሮው ለአባዬ ተራ ሊይዙ ነው። ደስታዬን የምናገርበት ቃል የለኝም። አባዬ ግን ካራውን አጥበው ሲያበቁ አልተንቀሳቀሱም። እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ሰው ሁሉ እያየው ዘረጉት። ይንቀጠቀጥ ነበር።

"እዩት" አሉ። "ካቻምና ነው የጀመረኝ። ዓምና ካራውን ወደ ሞተር የላክሁት እኔ ነኝ፤ ሙጃሂድ አይደለም። ልጄ የእኔን ነውር ተሸክሞልኝ ከረመ። ዛሬ አንድ በግ በሰላም አርጄያለሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ በቃኝ። የሰዉን በግ እሱ ያርዳል።"

ሙጃሂድ የዘረጉለትን ካራ ተቀበለ፣ ግን እንደ እሳት ነው የያዘው። በግ አርዶ አያውቅም ማለት አይደለም፤ በአባዬ ካራ ግን፣ በአባዬ ቦታ ላይ ቆሞ አያውቅም። የመጀመሪያው ጎረቤት በጉን ወደ እሱ ሳብ አደረገ። ሙጃሂድ አባዬን አላየም፣ ሐጂንም አላየም። ሰዉን አልፎ እኔን ፈለገ።

"ሳጂዳ፣ አሁንም ስል ነው?" አለ።

ከግድግዳው ጥግ ወጥቼ በሰዉ መሐል አለፍኩ። ካራውን እንዳያይ በጉን አዞርነው። ካራውን ከእጁ ተቀበልኩ።

"ጥፍርህን አምጣ" አልኩት።

አውራ ጣቱን ዘረጋልኝ። ስለቱን በጥፍሩ ላይ አስተኛሁት፣ እጄንም ለቀቅ አደረግሁ። ካራው ቆመ።